ሁለት ይጨመርበት

ጋሽ እድሪስ ያረፉ ዕለት ከቀብራቸው የቀረሁት በራሳቸው ድስት ምክንያት ነው። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ እኔም ለሰው ስነግረው ሳቄ ይቀድማል፣ ዕንባዬ ይከተላል። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ ባለው የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ቤተ ሙከራችን መለካት ሲጀመር የሁሉም ሰው ስልክ ክዳኑ ጥብቅ ያለ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ይገባል። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሻረው የለም። ያን ዕለት ጠዋት ከተማሪዎቼ ጋር ድስቱን ከድነን ሥራ ጀመርን፤ ልጃቸው ራህማ ደግሞ ስትደውልልኝ ዋለች። ክዳኑን ያነሳሁት ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። «አባባ ሱብሒ ላይ አረፈ።» «ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።» «ሜሮንዬ፣ የት ገባሽ?»

በባጃጅ እየበረርሁ ስደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ራህማን አቅፌ «ስልኬ ድስት ውስጥ ነበር» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ሳቅ አመለጣት።

«አባባ ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው!» አለች።

ስለዚህ እኔም በለቅሶ ዜማ አልጽፍላቸውም። እሳቸውን ሳስብ የሚመጣብኝ ያኔ የነበረው ሩጫ፣ ጩኸትና ደስታ ነው፤ አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ እጄ ይቸኩላል።

ድስቱን የገዙ ዕለት አብሬያቸው ነበርሁ። የስልክ ሞገድ መሣሪያዎቻችንን ይረብሻል፤ ሰው ደግሞ «ስልክህን አጥፋ» ሲባል «አጥፍቻለሁ» ይላል እንጂ አያጠፋም። ጋሽ እድሪስ ተማርረው ገበያ ወረዱ። ስልካቸውን ድስት ውስጥ ይከቱና ከድነው «ደውዪ!» ይሉኛል። እደውላለሁ፤ ድስቱ ይጮኻል። «ይኸም አይሆን» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሻጯ ትዕግሥቷ አለቀና «አባቴ፣ ወጥ ሊሠሩበት ነው ወይስ ስልክ ሊቀቅሉበት?» አለቻቸው። አምስተኛው ድስት ላይ ስደውል ጸጥ አለ። «ይኸን ስጭኝ!» ብለው ሲጮኹ የገበያው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ጋሽ እድሪስ ዶክተርም ፕሮፌሰርም አልነበሩም፤ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነበሩ። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው። አባታቸው ጨውና በርበሬ የሚሸጡት በሁለት ሳህን ሚዛን ነበር፤ ከመመዘናቸው በፊት ባዶውን ሚዛን ለገዢው ያሳያሉ። ሳህኖቹ እኩል እስኪቆሙ ዝም ብለው ይጠብቁና «አየህ?» ይላሉ። ገዢው «አየሁ» ካላለ በርበሬው ከጆንያው አይወጣም። ጋሽ እድሪስ ይህን ጠባይ እንዳለ ወደ እኛ ቤት ይዘውት መጡ። የትኛውም መሣሪያ ሲበራ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ አድርገው እንደ ሳህን ከፍ ዝቅ ያደርጓቸውና «እስቲ መጀመሪያ ባዶውን እንየው» ይላሉ። እኔ ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ባዶ ነገር ማየት ደሜን ያፈላዋል። ስሜን ትተው «ችኩሏ» ይሉኝ የነበረው በነገር አይደለም፤ እውነታቸውን ነው።

ምን እንደምንሠራ ልንገራችሁ፤ ሳወራው አሁንም ልቤ ይመታል። ስፋቷ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ የብረት ከበሮ አስቡ። ይቺ ከበሮ ወደ ፍጹም ዜሮ ተጠግታ ስትቀዘቅዝ የምትንቀጠቀጠው ከአንድ አቶም ወርድ እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። ያን እንቅስቃሴ ለማየት ማይክሮዌቭ የሚባል ሞገድ ይላክባታል፤ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ የመንቀጥቀጧን ምልክት ይዞ ይመጣል። ምልክቱ ግን በጣም ደካማ ስለሆነ ማጉያ ያስፈልገዋል። ችግሩ ማጉያውም የራሱን ጫጫታ ይጨምርበታል። ሹክሹክታ እንዲያሰማህ ያስቀመጥኸው ሰው ራሱ የሚያጉረመርም ከሆነ ምን ትሰማለህ? የእኔ ሥራ የማያጉረመርም ማጉያ መሥራት ነበር።

የማጉያ ጫጫታ የሚለካው በሙቀት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ማጉያው ጨዋ ነው። አለካኩም ቀላል ነው። ማጉያውን መጀመሪያ በክፍሉ ሙቀት ላይ ያለ ነገር ታሰሙታላችሁ፤ ቀጥሎ በፈሳሽ ናይትሮጂን የተነከረ ቀዝቃዛ ነገር ታሰሙታላችሁ። የሁለቱን ሙቀት ካወቃችሁ፣ ከልዩነቱ ተነስታችሁ የማጉያው የራሱ ጫጫታ ስንት እንደሆነ ታወጡታላችሁ። ሁሉም ነገር የቆመው ቀዝቃዛው ስንት እንደሆነ በትክክል በማወቅ ላይ ነው። መጽሐፉ ናይትሮጂን የሚፈላው ከፍጹም ዜሮ በላይ በሰባ ሰባት ነጥብ አራት ዲግሪ ነው ይላል። እኛም ሰባ ሰባት ነጥብ አራት እንል ነበር።

አንድ አሮጌ ቴርሞሜትር ብቻ አሻፈረኝ ይላል። ናይትሮጂን ውስጥ ሲነከር ሰባ አምስት ነጥብ አራት ያሳያል። ጋሽ እድሪስ ገና ድሮ ጥፋተኛ አድርገውት ፕላስተር ለጥፈውበታል፤ በፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሌባ ነው፤ ሁለት ይጨመርበት» ይላል። በዚያ ቤት ያለፈ ተማሪ ሁሉ እየሳቀ ሁለት ሲጨምር ኖሯል።

ውጭ አገር ያለ ትልቅ ቤተ ሙከራ ከየቦታው ማጉያ እየተቀበለ ነበር። ቅድመ ሁኔታው በናይትሮጂን ሲለካ ጫጫታው ከአሥራ ስምንት ዲግሪ በታች መሆን ነው። ያለፈው ማጉያ ከበሮዋ ካለችበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ የሠራው ቤትም የሙከራው አባል ይሆናል። ሁለት ዓመት በአጉሊ መነጽር ሥር አጎንብሼ የሠራሁት ማጉያ አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት ሰጠኝ። ያን ቀን ዘልያለሁ፤ በኮሪደሩ ላይ ጮኼያለሁ፤ የጽዳቷን እትዬ ሳይቀር አቅፌያለሁ። አማካሪዬ ዓርብ ዕለት የማጉያውን ሳጥን ይዞ ሊበር ትኬቱ ተቆርጧል። ዶክትሬቴን የምቀጥለው በዚህ ሥራ ነበርና ያ ሳጥን የእኔ ነገ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ዲጂታል ቴርሞሜትር መጣልን። በጋሽ እድሪስ ሕግ አዲስ ቴርሞሜትር ሁሉ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይፈተናል። ውሃው ተጣደ፤ ተንፈቀፈቀ፤ ቴርሞሜትሩ ዘጠና አራት ላይ ደርሶ ቆመ።

«ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ እንመልሰው» አልሁ።

ጋሽ እድሪስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አይ ችኩሏ! ውሃ ባሕር ዳር ላይ በመቶ ይፈላል ያለሽ ማን ነው? እኛ እኮ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል። መቶ የተባለው ከባሕር ወለል ላይ ሆኖ ለሚያፈላ ሰው...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። እንደ ሚዛን ያነሷቸው መዳፎቻቸው አየር ላይ ቆሙ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት።

«ሜሮን» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። «ናይትሮጂኑስ?»

ወዲያው ገባኝ፤ ቢቀርብኝ ደስ ባለኝ። ውሃ እዚህ ቀድሞ የሚፈላ ከሆነ ናይትሮጂንም እዚህ የሚፈላው መጽሐፉ ካለው ዝቅ ብሎ ነው። ቀዝቃዛው እኛ ካሰብነው በላይ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ያ ከሆነ ደግሞ ማጉያዬ እኛ ካልነው በላይ ጫጫታ አለው።

«ጋሼ፣ ቢተዉትስ? ሁሉም ሰው በመጽሐፉ ቁጥር ነው የሚለካው።»

«ሁሉም ሰው ባሕር ዳር ሁኖ ነው የሚለካ?»

አየር ትንበያ የሚሠራ ወዳጃቸው ዘንድ ደውለው የዕለቱን የአየር ግፊት ጠየቁ። ከዚያ ወረቀት ላይ አሰላን፤ አንዴ እኔ፣ አንዴ እሳቸው። ሰባ አምስት ነጥብ አራት። ጋሽ እድሪስ ተነሥተው አሮጌውን ቴርሞሜትር ከመሳቢያ አወጡ። በቀረችን ናይትሮጂን ነከሩት፤ ሰባ አምስት ነጥብ አራት አለ። ያን ሁሉ ዓመት እውነቱን ሲነግረን የኖረ እሱ ብቻ ነበር።

ፕላስተሩን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ላጡት። «ያልሰረቀውን ሌባ አልሁት» አሉ። «እንዲያ ብዬ ስንቱን ተማሪ አሳሳትሁ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «አንቺንም አሳስቼሻለሁ። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

አፉ አላልኋቸውም። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ያን ሰዓት ጠልቻቸው ነበር። በአዲሱ ስሌት የማጉያዬ ጫጫታ ሃያ ወጣ፤ ከአሥራ ስምንቱ በላይ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና እስከ ሐይቁ ድረስ በእግሬ ወረድሁ። ደንገሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባጃጅ ቆመች፤ ጋሽ እድሪስ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ማልቀሱን ጨረስሽ?»

«አልጨረስሁም።»

«ጨርሺ እንግዲያ፤ እጠብቅሻለሁ።»

እውነትም ጠበቁኝ። ውሃውን እያዩ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ጠበቁኝ። አፍንጫዬን ስጠርግ ሲያዩ ምክርም ማጽናኛም አልሰጡኝም፤ ጠየቁኝ እንጂ።

«ከመጽሐፍ የወሰድነው ሌላ ቁጥር የትኛው ነው?»

«የትኛውም የለም።»

«አስቢ።»

«ማጉያው የሚመገበው የኤሌክትሪክ መጠን አለ። እሱን ከትራንዚስተሩ አምራች ወረቀት ላይ ነው የወሰድሁት።»

«ወረቀቱ የት ሁኖ ነው የተለካ?»

«በተራ ክፍል ሙቀት...» ብዬ ጀመርሁና ዘልዬ ተነሣሁ። ትራንዚስተር ሲቀዘቅዝ የሚበቃው ምግብ ጥቂት ነው፤ የተረፈው ሁሉ ጫጫታ ይሆናል። ይህን አውቀው ነበር፤ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ! ማጉያዬን ግን በናይትሮጂን እያቀዘቀዝሁ በሞቃት ቀን ልክ እየመገብሁት ኖሬያለሁ።

«አጥግበነዋላ!» አሉ ጋሽ እድሪስ እየተነሡ። «ጠግቦ ነው የሚጮህ! ነይ፣ እንሂድ!» ያን ቀን ወደ ባጃጇ ማን ቀድሞ እንደሮጠ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ችግሩ ናይትሮጂናችን አልቋል። ከተማው ውስጥ የሚያመርተውም ማሽን ለጥገና ቆሟል። ጋሽ እድሪስ ግን መራዊ ላይ ታደለ የሚባል ወዳጅ ነበራቸው፤ የገበሬውን ላሞች የሚያዳቅል ባለሙያ ነው። የኮርማው ዘር የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ነውና ታደለ ዘንድ አይጠፋም። ረቡዕ ጠዋት ባዶ ታንካችንን ይዘን መራዊ ገባን። ታደለ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ በሩ ላይ ተቀበለን።

«እናንተ ሰዎች፣ ያገሬውን ላም ሁሉ መካን ልታስቀሩት ነው?» አለ።

ጋሽ እድሪስ ስለ ከበሮዋ አስረዱት። እንዴት ባለ ስሜት እንዳስረዱት! ታደለ አፉን ከፍቶ ሰማና ታንካችንን እስከ ግማሽ ሞላልን። «ብቻ ከበሮዋ የወለደች ዕለት እንዳትረሱኝ» አለን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጦርነት ሆነ። ናይትሮጂን እየተነነ በተዘጋ ቦታ ያለውን አየር ስለሚገፋ መስኮት መከፈት አለበት። የመኪና መስኮት ይከፈት ማለት ደግሞ እኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጋሽ እድሪስ ታንኩን በጉልበታቸው መሃል አቅፈው «ይከፈት!» ይላሉ፤ ተሳፋሪው «ንፋስ ሊመታን ነው፣ ዝጉ!» ይላል። አንዲት እናት ከክዳኑ ሥር ነጭ ጭስ ሲወጣ አይተው «ልጄ፣ ይህ የሚጤስ ምንድን ነው?» አሉ።

«ብርድ ነው፣ እናቴ» አሏቸው ጋሽ እድሪስ።

«ብርድ ይዘህ ነው መስኮት የምታስከፍት!» ሲሉ መኪናው በሳቅ ፈረሰ፤ መስኮቱም ተከፈተ።

ሐሙስ ጠዋት ስልኮቹ ድስት ገቡ። ጋሽ እድሪስ በሩን ቆለፉ፤ መዳፎቻቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው «ባዶውን» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶውን በትዕግሥት አየሁ። ከዚያ በድሮው አመጋገብ ለካን፤ ሃያ። ምግቡን ቀነስሁለት፤ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት። «አሁንም» አሉ። ቀነስሁ፤ አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት። ቀነስሁ፤ አሥራ ስምንት ነጥብ አንድ። ታንኩ ውስጥ የቀረው ከሥሩ ጥቂት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ቀንሺ።»

አሥራ ሰባት ነጥብ ስድስት!

ጮኽሁ። ጋሽ እድሪስ አልጮኹም፤ «ድገሚው» አሉ። ደገምሁት፤ ያው ሆነ። ሦስተኛውም ያው ሲሆን «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ያኔ ነው አጠገባቸው ተንበርክኬ «አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ» ያልኋቸው። «ምን አጥፍቼ ነበር?» ብለው ሳቁብኝ፤ ዓይናቸው ግን ዕንባ አቅርሮ ነበር።

ዓርብ ሳጥኑ ሄደ። ከላዩ ያለው ወረቀት የመጀመሪያ መስመር «ናይትሮጂን በባሕር ዳር ሰባ አምስት ነጥብ አራት» ይላል።

ወራት አልፈው መልሱ ሲመጣ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሮጥሁ። ማጉያችን እዚያም ሲለካ እኛ ያልነውን ሰጥቷል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብቷል። አንድ ሥዕል ደግሞ አብሮ መጥቷል፤ ጠፍጣፋ መስመር መሃል ላይ አንዲት ጉብታ ያላት። ጋሽ እድሪስ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት። ስትንቀጠቀጥ ነው።»

«በእኛ ማጉያ?»

«በእኛ ማጉያ!»

አተኩረው ብዙ አዩዋት። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ባዶውንስ አሳይተውሻል?»

ይህን እንደሚሉ አውቅ ስለነበር ሁለተኛውን ወረቀት ይዤ ነበር፤ ከበሮዋ ሳትኖር የተለካውን። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ዝም ያለ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አስተያዩ።

«አየሁ» አሉ።

በቀብራቸው ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ ጎኔ የተቀመጠ፣ ከእኔ በብዙ ዓመት ቀድሞ የተማረ ጎልማሳ፣ አንድ ቀን ድንገት ደውለውለት እንደነበር ነገረኝ። «ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ‹ያኔ ሁለት ያስጨመርሁህን ቀንስ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው› አሉኝ። ምን እንደሚሉ እስኪገባኝ ቆየሁ» አለ። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት «ለእኔም ደውለዋል» አለች። ጡረታቸውን የጀመሩት ለካ በዚህ ነበር፤ በተማሪዎች መዝገባቸው ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ እየፈለጉ ሲደውሉ ከርመዋል። ራህማ ልትሸኘኝ ስትወጣ ያን መዝገብ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተላጠው ፕላስተር ተለጥፏል፤ «ሌባ ነው፤ ሁለት ይጨመርበት»። ከሥሩ በቀይ «ሌባው እኔ ነኝ። እድሪስ» ብለው ጽፈዋል። ባጃጅ ውስጥ ዕንባዬን ለቀቅሁት።

በማግስቱ ማስተማር አልነበረብኝም፤ ግን ገባሁ። አዲስ ተማሪዎች ናይትሮጂን ሊለኩ ተዘጋጅተዋል። ስልካቸውን ድስት ውስጥ ከተቱ፤ አሮጌውን ቴርሞሜትር ነከሩት። አንዷ ቀልጣፋ ልጅ ቁጥሩን አየች፤ መጽሐፏን አየች፤ ደግማ ቁጥሩን አየች።

«መምህር፣ ይህ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል። ሁለት ዲግሪ ያጎድላል፤ እንጨምርበት?» አለችኝ።

መዳፎቼ ሳላዛቸው ከፍ ዝቅ ሲሉ ተሰማኝ።

«ቁጥሩን እንዳለ ጻፊው» አልኋት። «ከዚያ ውሃ ጣዱ።»